ከሦስት ወደ አንድ፦ የተራራ ብስክሌት የፊት ቀለበቶች ታሪክ

በአንድ መሣሪያ ላይ አዲስ ክፍል ሲጨመር ታሪኩ ይጻፋል፤ ነባር ክፍል ሲቀነስ ግን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት የቴክኒክ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የመጨመር ታሪክ ብቻ ሆኖ ይታያል። የተራራ ብስክሌት የማርሽ ሥርዓት ግን ከዚህ የተለየ ምስክርነት ይሰጣል። ሠላሳ ዓመት ያህል በፔዳሉ አጠገብ ሦስት ባለ ጥርስ ቀለበቶችን ተሸክሞ የኖረው ይህ ብስክሌት፣ ከ2012 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለቱን ጥሎ በአንድ ቀለበት ብቻ መሄድ ጀምሯል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ተራ ቅነሳ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ሰው ግን፣ ከአንድ ቦታ የተነሣው ችግር እንዳልጠፋ፣ ይልቁንም በሌሎች ክፍሎች ላይ ተከፋፍሎ እንደተጫነ ይገለጽለታል። ይህም መሐንዲስ ሁሉ በየሥራው የሚገጥመው ጉዳይ ስለሆነ ታሪኩን ከመነሻው መከተል ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማርሽ አነሳስ

የብስክሌት ማርሽ ስሌት ቀላል ነው። ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው የፊት ቀለበት ያለው የጥርስ ብዛት፣ ከኋላው ጎማ ጋር የሚዞረው ቀለበት ባለው የጥርስ ብዛት ሲካፈል፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይታወቃል። ከፊት 32፣ ከኋላ 16 ጥርስ ቢኖር ጎማው ሁለት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የሰው እግር ጉልበቱን በሚገባ የሚሰጠው በተወሰነ የአዟዟር ፍጥነት ስለሆነ፣ ዳገቱም ሜዳውም ቁልቁለቱም የየራሳቸውን ስሌት ይጠይቃሉ። ይህን ለማሟላት ሰንሰለቱን፣ በጋራዥ ቋንቋ ካቴናውን፣ ከቀለበት ወደ ቀለበት የሚያሻግር መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱም ካምቢዮ ነው።

ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ በፊት ከተሟገቱት መካከል የፈረንሳይ ከተማ የሴንት ኤትየን ነዋሪ የነበረው ፖል ደ ቪቪ (1853–1930) ይገኛል። ቬሎሲዮ በሚለው የብዕር ስሙ የታወቀው ይህ ሰው «ለ ሲክሊስት» የተባለ መጽሔት እያዘጋጀ፣ ተራራማ ለሆነው አካባቢው አንድ ማርሽ እንደማይበቃ ሲጽፍና በራሱ ብስክሌት ላይ ሲሞክር ኖሯል። ተቃውሞው ግን ብርቱ ነበር። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ዴግራንዥ ውድድሩን ማሸነፍ ያለበት የሰው ጡንቻ እንጂ የመሣሪያ ብልሃት አይደለም ከሚሉት ወገን ስለነበር፣ ካምቢዮ በዚያ ውድድር የተፈቀደው በ1937 ነው። ከዚያ በኋላ መሻሻሉ ፈጠነ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢጣልያው ካምፓኞሎ በአራት ማዕዘን ክንዶች የሚንቀሳቀስ የኋላ ካምቢዮ አስፋፋ። በ1964 ደግሞ ሳንቱር በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው የጃፓን ፋብሪካ ያንኑ አሠራር አዘንብሎ፣ ካምቢዮው ትንሹንም ትልቁንም ቀለበት በተቀራረበ ርቀት እንዲከተል አደረገው። የፈጠራ መብቱ ዘመን ሲያበቃ ሌሎችም ተቀበሉት፤ ዛሬ ያለው የኋላ ካምቢዮ በመሠረቱ የዚሁ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር መታወስ ይኖርበታል። ብስክሌተኛው ፔዳሉን ሲገፋ የካቴናው የላይኛው ወገን ይወጠራል፣ የታችኛው ወገን ይላላል። የኋላው ካምቢዮ የሚሠራው በላላው ወገን ነው፤ ስለዚህ ካቴናውን በቀላሉ ይገፋዋል። የፊተኛው ካምቢዮ ግን የሚገፋው የአሽከርካሪውን ሙሉ ጉልበት የተሸከመውን፣ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረውን የላይኛውን ወገን ነው። መሣሪያው ራሱ ከሁለት የብረት ቅጠል የተሠራ ተራ መግፊያ ከመሆኑ በላይ፣ የተመደበለት ቦታ ለሥራው የማይመች ነበር። በኋላ የመጣው ለውጥ ሁሉ ከዚህ ቅሬታ የመነጨ ነው ለማለት ይቻላል።

የካሊፎርንያ ዳገትና ሦስቱ ቀለበቶች

የተራራ ብስክሌት የተወለደው ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በሚገኘው በማሪን አውራጃ፣ በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ ነው። በ1970ዎቹ የአካባቢው ወጣቶች ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የቀሩ፣ ጎማቸው ወፋፍራም የሆነ ከባድ ብስክሌቶችን እየገዙ በጥርጊያ መንገድ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 1976 የመጀመሪያው የሪፓክ ውድድር ተደረገ። ስያሜው በእንግሊዝኛ እንደገና መሙላት ማለት ነው፤ ምክንያቱም ወደ 400 ሜትር በሚጠጋው ቁልቁለት ላይ ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው ፍሬን እጅግ ስለሚግል፣ በጎማው እምብርት ውስጥ ያለው ግራሶ ተኖ ያልቅና በየጊዜው በአዲስ መሙላት ግድ ይሆን ነበር።

እነዚህ ብስክሌቶች ባለ አንድ ማርሽ ስለነበሩ ለመውረድ እንጂ ለመውጣት አይሆኑም ነበር፤ ወጣቶቹም ወይ በመኪና ይጭኗቸዋል ወይ እየገፉ ያወጧቸዋል። በ1974 ከኩፐርቲኖ የመጡ ብስክሌተኞች በማሪን በተደረገ ውድድር ላይ ካምቢዮ የተገጠመላቸው ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌቶች ይዘው ቀረቡ። ጋሪ ፊሸርም በዚያው ዘመን በራሱ ብስክሌት ላይ ማርሽ ገጠመ። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ተግባር ብቻ የታሰበ ቴላዮ ሠራ፤ በ1979 ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ቶም ሪቺ በሚሠራቸው ቴላዮዎች ንግድ ጀመሩ፤ በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ድርጅት ስታምፕጃምፐር የተሰኘውን ብስክሌት በብዛት አምርቶ ለገበያ አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት የጃፓኑ ሺማኖ ለተራራ ብስክሌት ብቻ የተዘጋጀውን ዲዮሬ ኤክስ ቲ የተባለ የመለዋወጫ ስብስብ አወጣ።

ስታምፕጃምፐር 15 ማርሽ ነበረው፤ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ አምስት። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በዚያ ዘመን የኋላው እምብርት ከአምስት ወይም ከስድስት ቀለበት በላይ ስለማይሸከም፣ የተራራው ዳገትና ቁልቁለት የሚጠይቀውን ስፋት ለማግኘት የቀረው መንገድ ከፊት ማባዛት ብቻ ነበር። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንደተባለው፣ ከፊት ብዙ ቀለበት መያዝ የጥንቃቄ ምልክት ሆኖ ታየ። ከኋላ ያሉት ቀለበቶች ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት እያሉ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዘጠኝ ሲደርሱም ሦስቱ የፊት ቀለበቶች አልተነኩም። ሻጮችም 18፣ 21፣ 24፣ 27 እያሉ በቁጥሩ ማደግ ይመኩ ነበር።

ሆኖም ቁጥሩ በጥንቃቄ ሲመረመር ከፊሉ ባዶ ነበር። በዘመኑ እጅግ የተለመደውን ባለ 27 ማርሽ ሥርዓት ለምሳሌ ያህል መውሰድ ይቻላል። ከፊት 22፣ 32 እና 44፤ ከኋላ 11፣ 13፣ 15፣ 17፣ 20፣ 23፣ 26፣ 30 እና 34 ጥርስ ነበረው። 22 ለ13 ሲካፈል 1.69 ይመጣል፤ 44 ለ26 ሲካፈልም ያው 1.69 ነው። 22 ለ15 እና 44 ለ30 ሁለቱም 1.47 ናቸው። 22 ለ17 እና 44 ለ34 እንዲሁ ሁለቱም 1.29 ናቸው። ሦስት ጥንዶች ፍጹም እኩል ሲሆኑ፣ 22 ለ11፣ 44 ለ23 እና 32 ለ17 ደግሞ 2.00፣ 1.91 እና 1.88 ስለሚሰጡ፣ በጉዞ ላይ ያለ ሰው ልዩነታቸውን እምብዛም አይለየውም። በዚህ ላይ ካቴናው ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር እጅግ ሲጋደም ስለሚፋተግ፣ ትልቁን የፊት ቀለበት ከትልቁ የኋላ ቀለበት ጋር ማገናኘት አይመከርም ነበር። በወረቀት ላይ 27 የነበረው ማርሽ በእግር ሲለካ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነበር።

ጉድለቱ በስሌት ብቻ አላበቃም። አሽከርካሪው ድንገት ዳገት ሲገጥመው በቀኝ እጁ የኋላውን፣ በግራ እጁ የፊተኛውን መቀየር፣ የሁለቱንም ውጤት በልቡ አስልቶ ማስተባበር ነበረበት። የፊተኛው ካምቢዮ በሚፈለግበት በዚያች ቅጽበት ደግሞ ካቴናው ከሁሉ ይበልጥ የተወጠረ ነው። ጭቃ ሲጨመርበት ካቴናው ከትንሹ ቀለበት አልላቀቅ ብሎ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይሳባል፤ አንዳንዴም ወደ ውስጥ ወድቆ ቴላዮውን ይፍቃል። ጉልበቱን ሁሉ በፔዳሉ ላይ አድርጎ ለቆመ ሰው የካቴና ድንገት መውጣት ከመውደቅ ጋር አንድ ነው።

የተቀነሰው እንዴት ተቀነሰ

አንድ የፊት ቀለበት ብቻ መጠቀም ለራሱ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። በ1990ዎቹ የቁልቁለት ተወዳዳሪዎች ሰፊ የማርሽ ስፋት ስለማያስፈልጋቸው ከፊት አንዱን ብቻ አስቀርተው፣ ካቴናው እንዳይወጣ ከላይና ከታች የሚያቅፍ መከላከያ ይገጥሙ ነበር። መከላከያው ግን ይከብዳል፣ ይፋተጋል፣ ድምፅም ያሰማል። በመሆኑም ዳገት ለሚወጣ ሰው ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያሻቸው ነበር። ካቴናው ያለ መከላከያ በቀለበቱ ላይ እንዴት ይቆያል? መንገዱ ሲያናውጠው የላላው የታችኛው ወገን እንዴት ይረጋጋል? ከፊት የተተወው ስፋትስ ከየት ይመጣል?

በ2009 የአሜሪካው ስራም የፊቱን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ የኋላውን ወደ አሥር ከፍ ሲያደርግ የለውጡ አቅጣጫ ታወቀ። በ2011 ሺማኖ በኋላ ካምቢዮው ውስጥ የፍትጊያ መያዣ አስገባ፤ ስራምም በማግሥቱ ዓመት በራሱ መንገድ ተከተለ። ይህ መያዣ የካምቢዮው ክንድ ካቴናውን ለማጥበቅ ወደ ኋላ ሲሄድ አይከለክለውም፤ መንገዱ ሲያናውጠው ወደ ፊት ተስቦ ካቴናውን እንዳያላላ ግን ይገታዋል። በዚህም ሁለተኛው ጥያቄ ተመለሰ።

የመጀመሪያውና የሦስተኛው መልስ የመጣው ስራም በ2012 ባወጣው ኤክስ ኤክስ 1 በተባለው ሥርዓት ነው። የካቴና ዘለላዎች አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ እየሆኑ የሚፈራረቁ ሲሆኑ፣ የቆዩት ቀለበቶች ግን ጥርሳቸው ሁሉ ለጠባቡ ዘለላ የተለካ ስለነበር በሰፊው ዘለላ ውስጥ ክፍተት ይቀር ነበር። በአዲሱ ቀለበት ላይ ሰፊና ጠባብ ጥርስ በተራ ተቀመጠ፤ እያንዳንዱ ዘለላ ልኩን አገኘ፤ ካቴናውም ያለ መከላከያ ቦታውን ያዘ። በዚህም የተነሣ የቀለበቱ የጥርስ ብዛት ምንጊዜም ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር፣ ማለትም 30፣ 32 ወይም 34 መሆን አለበት፤ ጎደሎ ቁጥር ቢሆን ከአንድ ዙር በኋላ ሰፊው ጥርስ በጠባቡ ዘለላ ላይ ያርፍ ነበር።

የሚያስገርመው ግን ይህ ጥርስ ከብስክሌት ዓለም ውጭ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ሰፊና ጠባብ ጥርስ የሚፈራረቅበት የካቴና መዘውር ጌል ለተባለው የእርሻ መሣሪያ ሠሪ ድርጅት በ1979 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። ካቴና በአቧራና በንዝረት መካከል ከቦታው እንዳይወጣ የማድረግ ችግር ለገበሬውም ለብስክሌተኛውም አንድ ነበር፤ የሁለቱ ሙያ ሰዎች መልሱን ያገኙት ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ተራርቀው ነው።

ለሦስተኛው ጥያቄ ከኋላ 11 ቀለበቶች፣ ከ10 እስከ 42 ጥርስ ድረስ ተደረደሩ። ባለ 10 ጥርሱ ቀለበት በቀድሞው እምብርት ላይ ስለማይገባ አዲስ የእምብርት አካል ተነደፈለት፤ ከትልቁ የአሉሚኒየም ቀለበት በቀር አሥሩ ከአንድ ወጥ ብረት ተፈልፍለው ወጡ። በ2016 ባለ 50 ጥርስ አሥራ ሁለተኛ ቀለበት ተጨመረና ትልቁ የኋላ ቀለበት የትንሹን አምስት እጥፍ ሆነ። ሺማኖም በ2018 ከ10 እስከ 51 የሆነ ድርድር ይዞ ቀረበ።

የተራው ባለ ብስክሌት ድርሻ

አዲሱ ሥርዓት ሲወጣ ዋጋው ከብዙ ሰው አቅም በላይ ስለነበር፣ በ2013 እና በ2014 አካባቢ ነባሩን ብስክሌት በራስ እጅ የመለወጥ ሥራ ተስፋፋ። ጥቃቅን ፋብሪካዎች በነባሩ የፔዳል ክንድ ላይ በአራት ቡሎን የሚታሰር ሰፊና ጠባብ ጥርስ ያለው ቀለበት ለየብቻው መሸጥ ጀመሩ። ባለ ብስክሌቱ የፊተኛውን ካምቢዮ፣ ሽቦውንና የግራውን መቀየሪያ ፈትቶ ያወጣል፤ ከሦስቱ ቀለበቶች ፈንታ ባለ 32 ጥርሱን ብቻ ያስራል። ከኋላ 11፣ 13፣ 15፣ 17፣ 19፣ 21፣ 24፣ 28፣ 32 እና 36 ጥርስ ካለው ባለ 10 ድርድር ላይ 15ንና 17ን አውጥቶ በምትካቸው አንድ ባለ 16 ያስገባል፤ በተረፈው ቦታ ከጀርባ ባለ 42 ይጨምራል። በመጨረሻም ካቴናውን በትልቁ ቀለበት ልክ እንደገና ይቆርጣል፤ ካምቢዮው ከአዲሱ ትልቅ ቀለበት ጋር እንዳይጋጭ ማራቂያ ቡሎኑን ያጠብቃል።

ይህ ሥራ በስሌት ሲታይ ከ32 ለ11 እስከ 32 ለ42፣ ማለትም ከ2.91 እስከ 0.76 ያለውን ስፋት ይሰጣል። ከፍተኛው ከዝቅተኛው 3.8 እጥፍ ነው ማለት ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው ባለ 27 ማርሽ ግን ከ4.00 እስከ 0.65፣ ከስድስት እጥፍ በላይ ነበረው። ባለ ብስክሌቱ በሜዳ ላይ የሚያገኘውን ፍጥነት ወይም በዳገት ላይ የሚያገኘውን እረፍት ወይም የሁለቱን ከፊል እያወቀ ይተው ነበር። የመረጠውም ከስፋቱ ይልቅ የካቴናውን አስተማማኝነት፣ ከማርሹ ብዛት ይልቅ የሐሳብ እረፍትን ነው።

ችግሩ የት ሄደ

የአንድ ቀለበት ጥቅም በማርሹ ብቻ አልተወሰነም። የፊተኛው ካምቢዮ ሲነሣ በፔዳሉ ዙሪያ የነበረው ጠባብ ቦታ ተፈታ፤ የቴላዮ ነዳፊዎችም ወፍራም ጎማ ለማስገባት፣ የኋላውን ክንድ ለማሳጠርና የኋላ መወጠሪያውን መታጠፊያ ባሻቸው ቦታ ለማስቀመጥ ዕድል አገኙ። ሥራ የፈታው የግራ አውራ ጣትም ኮርቻውን በጉዞ ላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን አዲስ መቆጣጠሪያ ተረከበ።

በሌላ በኩል ሒሳቡ መታየት አለበት። በባለ ሦስት ቀለበቱ ዘመን ዳገት የሚወጣ ሰው ውስጠኛውን ትንሽ ቀለበት ከውስጠኞቹ ትልልቅ የኋላ ቀለበቶች ጋር ስለሚያገናኝ ካቴናው ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን አንዱ ቀለበት መሐል ላይ ስለሆነ፣ ጉልበት ከሁሉ በላይ በሚፈስስበት በረጅሙ ዳገት ላይ ካቴናው ተጋድሞ ይሠራል። በባለ 10 ጥርሱ ቀለበት ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ዘለላ 36 ዲግሪ ስለሚታጠፍ፣ 24 ዲግሪ ብቻ ከሚያጥፈው ባለ 15 ይልቅ ፍትጊያውና መበላቱ ይፈጥናል። የካምቢዮው ክንድ ረዝሞ ወደ ድንጋዩ ቀርቧል። በቀድሞው ሥርዓት በርካሽ የሚለወጥ አንድ የብረት ቀለበት ሲበላ፣ በአዲሱ ውድ የሆነው የኋላ ድርድር በሙሉ ይለወጣል። የእምብርቱ ዓይነትም በየፋብሪካው ስለተለያየ፣ መለዋወጫ ከሩቅ አገር ለሚያስመጣ ሰው ጣጣው ከፍ ያለ ነው።

የማርሹ ስፋትስ? የቀድሞው ባለ 26 ኢንች ጎማ በአንድ የፔዳል ዙር በ22 ለ34 ማርሽ 1.34 ሜትር ያህል፣ በ44 ለ11 ደግሞ 8.3 ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። የዛሬው ባለ 29 ኢንች ጎማ በ32 ለ50 ማርሽ 1.47 ሜትር፣ በ32 ለ10 ደግሞ 7.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከሁለቱም ጫፍ ጥቂት ተቆርጧል፤ የፊቱ ቀለበት ወደ 30 ቢወርድ የዳገቱ ጉድለት ከሞላ ጎደል ይሞላል፤ የሜዳው ግን ይብስበታል።

ለዚህ ሁሉ ስኬት ምስጋናው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ስራም በቀለበቱ ጥርስ ላይ ያገኘውን የፈጠራ መብት ፎክስ ፋክተሪ የተባለው ድርጅት ተቃውሞ ተከራክሮ ነበር። በታኅሣሥ 2019 የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ቀለበቱ በመብቱ ያልተጠየቁ ሌሎች ጠቃሚ ባሕርያትም ስላሉት፣ የገበያው ስኬት ከተጠየቀው ፈጠራ መጣ ተብሎ በግምት ብቻ ሊወሰድ እንደማይገባ ገልጾ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መልሶታል። የሕጉ ፍሬ ነገር ለሕግ ባለሙያዎች ይተው። ለመሐንዲስ ግን ነጥቡ ግልጽ ነው፤ ጥርሱ ያለ ፍትጊያ መያዣው፣ መያዣውም ያለ ሰፊው የኋላ ድርድር ሁለቱን ቀለበቶች ሊያስጥል ባልቻለም ነበር።

ይኸው ሒሳብ ዛሬም አልተዘጋም። በ2023 ስራም ካምቢዮውን በቀጥታ በጎማው አክስል ላይ በመግጠም፣ በግጭት ጊዜ ይታጠፍ የነበረውን ትንሽ ማንጠልጠያ አስቀርቷል። በዚያው ዓመት ሺማኖ ኪዩስ የተባለ፣ ጥርሱ ወፈር ያለና መለዋወጫው እርስ በርሱ የሚስማማ ሥርዓት ሲያወጣ፣ ከአንድ የፊት ቀለበት ጎን ሁለት የሚፈልገውንም አልተወም። የመጀመሪያው ክፍል በመቀነስ፣ ሁለተኛው መበላትን በማዘግየት ያንኑ ሸክም ለማቅለል የሚጥሩ ናቸው።

ስለዚህ የአንዱ ቀለበት ታሪክ ቀላል ነገር ሁሉ በቀላሉ እንደማይገኝ ያስረዳል። የፊተኛው ካምቢዮ ክፉ መሣሪያ ስለነበረ ብቻ አልተጣለም፤ ጉድለቱ ሲታወቅ ሠላሳ ዓመት በቦታው ቆይቷል። የተጣለው ጥርሱ፣ ካምቢዮው፣ እምብርቱና የኋላው ድርድር ሸክሙን ተካፍለው ለመሸከም በበቁበት ቀን ነው። አንድን ክፍል ከመሣሪያ ላይ ለማንሣት ያሰበ መሐንዲስ፣ ክፍሉ ይሠራው የነበረውን ሥራ ነገ ማን እንደሚሠራው፣ ሲበላም የሚለውጠው ሰው ምን ያህል እንደሚከፍል አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።